የእናትሽ እንቅልፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን

ለምወድሽ ልጄ፤ የእግዚአብሔር ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። «እማዬ እንዴት ናት? አባዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» ብለሽ ለጻፍሽልኝ መልስ የዘገየሁት ድፍረት አጥቼ ነው።

እናትሽ ከክረምቱ በፊት መርሳት ጀመረች። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት፣ መርፌ ይዛ «በዚህ ምን ልሠራበት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ጸሎቷ ላልቶ ፈተና የገባባት መሰለኝ። ሐኪም ሳልጠይቅ፣ ካህንም ሳላማክር፣ በራሴ ሥልጣን ሥርዓት አወጣሁላት፤ ሌሊት ሌሊት ቀስቅሼ ጸሎት አብራኝ እንድታደርስ፣ እህልም ከቀትር በፊት እንዳትቀምስ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለችኝም። ሌሊት ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች፤ ቀን ወንበር ላይ ታንቀላፋለች። ሆዷ ታወከ፤ መርሳቱም ባሰ። እኔ ግን ፈተናው በረታ ብዬ ጸሎቱን አስረዘምሁት።

በመጨረሻ ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «አባቴ፣ ጸሎቱን እግዜር ሰምቷል፤ አሁን ደግሞ ሐኪም ይስማት!» ብሎ እየጎተተ ወሰደን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «እማማ፣ ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» አለቻት። እናትሽ በአገጯ ወደ እኔ ጠቁማ «እሳቸው ሲፈቅዱልኝ!» ብላ ሳቀች። ሐኪሟም አብራ ሳቀች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እንዳስረዳችኝ፣ አንጀትና አንጎል መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ሰውነትም ቀንና ሌሊትን የሚለይበት የራሱ ሰዓት አለው። ሆድ ሲታወክና እንቅልፍ ሲዛባ፣ የሚያረጅ አንጎል ይብስበታል ተብሎ ይጠረጠራል። «በሽታውን እርስዎ አላመጡትም፤ ግን አላገዟትም» አለችኝ። «የረሳችው ይመለስላታል?» ብዬ ብጠይቃት «የቀረውን እንጠብቅላት» አለችኝ።

ሥጋ የነፍስ ማደሪያ ናት እያልሁ በቤተ ክርስቲያን ስንቱን አስተምሬ፣ የእሷን ማደሪያ በገዛ እጄ አናጋሁት።

አሁን በጊዜ ትተኛለች፤ ማለዳ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ምግቧንም በሰዓቱ አቀርብላታለሁ። የሌሊቱን ጸሎት ለብቻዬ፣ በሹክሹክታ አደርሳለሁ። ትናንት አንድ እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች፤ ገልብጣ ሰፋችው እንጂ ጨርሳዋለች።

ልጄ፣ የዕረፍት ፈቃድሽን ለከርሞ ብለሽ አታቆዪው። እስከዚያው ስትደውዪ ጠዋት ይሁን። «እማዬ» ከማለትሽ በፊት ስምሽን ንገሪያት፤ የማን ልጅ እንደሆንሽም ጨምሪላት። የዚህ ቤት ስልክ ድምፅ አያጠራም።

የማያንቀላፋው ጌታ በመውጣት በመግባትሽ ይጠብቅሽ፤ የእናትሽንም በረከት አያጉድልብሽ።

በደሉን የሚያውቅ አባትሽ