ከታንከሩ ፊት የሰቀልኩት ካሜራ

ኅዳር 14፣ 2008

ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ከኋላ የተቀመጡት ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። አልቀሰቀስኳቸውም። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ደርቋል፤ ቁርስ በልቶ የመጣው ስንቱ ነው?

ከሰዓት ቧንቧው ጨርሶ ደረቀ። ቦቴው የትምህርት ቤቱን ታንከር ከሞላው ገና ሁለት ቀኑ። አምስት ቀን ይበቃል የተባለ ውሃ! ርዕሰ መምህሩ ትግሉ መምህራን ክፍል ገብቶ "ሰው እየወሰደብን ነው" አለ። ማን?

ስወጣ ጥበቃው ጋሽ አራጌ በሩ ላይ አስቆሙኝ። "ኤልሳ ልጄ፣ ከንፈርሽ ክው ብሏል፤ እንኪ" ብለው ኮዳቸውን ሰጡኝ። ለብ ያለ ነበር። ጠጣሁት።

ኅዳር 22

ሐሳብ መጣልኝ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለኝ፤ ካሜራው ግን ደህና ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ብቻ ፎቶ የሚያነሳ አፕ አለ። ያነሳውን በዋይፋይ፣ ያለ ምንም ገመድ፣ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይልካል። መብራት ሲጠፋ እዚያው ስልኩ ላይ ያቆየዋል። ኃይሉን ከፀሐይ... ቆቦ ላይ ከፀሐይ ሌላ ምን ሞልቶ?

ለትግሉ ነገርኩት። ደስ አለው።

"ሥሪው። ግን ለማንም እንዳትናገሪ።"

"ለማንም?"

"ለጥበቃውም ቢሆን።"

እሺ አልኩ።

ኅዳር 26

ቀኑን ሙሉ ዘይኑዲን ጋ። ገበያው ጥግ ላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነው። ከተሰበረ የሶላር ፋኖስ ላይ ሶላሩን ነቀለልኝ፤ "አርጅቷል እንጂ አልሞተም" አለ። ባትሪው የሞተር ሳይክል ነው። ስልክ ከእንዲህ ያለ ባትሪ ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ይቃጠላል፤ ኃይሉን የሚቀንስለትን ከአሮጌ የመኪና ቻርጀር ውስጥ አወጣን። ሽቦዎቹን እኔ በየድኩ። ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ በእጄ የሠራሁት ነገር አልነበረም... ስድስት ዓመት ጠመኔ ብቻ።

"ለሌባ ነው ቲቸር?"

"ለሌባ ነው።"

"ወላሂ፣ ዘንድሮ ውሃ የወሰደን ሰው ሌባ ልበለው ወይስ የጠማው?"

ሳቅኩ።

ታኅሣሥ 1

አልሠራም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ስልኩን አጠፋው። የምሳ ዕቃ ፕላስቲክ ውስጥ ነው ያስገባሁት፤ ለካ እየቀቀልኩት ነበር። ነጭ ቀለም ቀባሁት። ከሥሩ በሳሳሁት። ሶላሩን እንደ ጣሪያ ከላዩ አጋደምኩለት፤ በራሱ ጥላ ይቀመጥ። ድምፅ መቅጃውን ዘጋሁት፤ ባትሪ ይበላል። ምስል ይበቃል።

ታኅሣሥ 6

ሰቀልኩት! ከታንከሩ ፊት ለፊት ያለው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ። መሰላሉን የያዙልኝ ጋሽ አራጌ ናቸው።

"ምንድነው እሱ?"

"የሙቀት መለኪያ ነው።"

"ጎሽ የኔ ልጅ። ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ሦስተኛው መርገጫ ላልቷል።"

ለምን ዋሸሁ? ትግሉ ስላለኝ። ደግሞም ቀላል ነበር... አፌ ላይ ዝግጁ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።

ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፎቶ የራሴ እጅ። ሁለተኛው ጋሽ አራጌ፣ መሰላሉን ተሸክመው ሲሄዱ። ጥርት ያለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ታኅሣሥ 13

አንድ ሳምንት፤ ቅዳሜ ብቻ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። ምንም! ወፎች ብቻ። በቀን ሠላሳ አርባ ፎቶ፣ ሁሉም ወፍ፤ በቀኝ ጥግ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ መሬት ላይ የሚያርፉ። ሳላያቸው አጠፋለሁ።

ውሃው ግን በሁለት በሦስት ቀኑ ያልቃል። መምህራን ክፍል ውስጥ "ካሜራሽ ወፍ ጠባቂ ሆነ?" ተባልኩ። ምስጢሩም እንግዲህ ይሄን ያህል ነው... ከጥበቃው በቀር ሁሉም ያውቃል።

እውነቱን ልጻፍ። አንድ ሰው እንዲገኝ ፈልጌያለሁ።

ታኅሣሥ 18

ተገኘ።

የቅዳሜው ፎቶ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ከሩብ፣ ግቢው ጭር ያለ። አንዲት ሴት አህያ ይዛለች፣ በአህያው ላይ ጀሪካኖች። ጋሽ አራጌ ቧንቧውን ከፍተው እየቀዱላት ነው። በሚቀጥለው ፎቶ ሴትዮዋ እጃቸው ውስጥ የሆነ ነገር ታስቀምጣለች። ትንሽ፣ የተጠቀለለ። በሦስተኛው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

እሳቸው ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። አዘንኩ። ግን ደግሞ... ካሜራዬ ሠራ። ሁለቱም ስሜት አብሮ መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አልጽፍም።

ለትግሉ አሳየሁት።

ታኅሣሥ 19

ትግሉ ጋሽ አራጌን ቢሮ አስጠራቸው። እኔም ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።

"ለሰው ውሃ ሰጥተዋል?"

"አዎ፣ ሰጥቻለሁ። የድርሻዬን..."

"የምን ድርሻ? በድርቅ ዓመት የተማሪ ውሃ እየሸጡ ድርሻ?" ጮኸባቸው። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረው።

ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ትግሉን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኤልሳ፣ ይሄ የሙቀት መለኪያው ነው?"

ኪቦርዱን አየሁ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም። እኔም "ምን ነበር ሊሉ የፈለጉት?" አላልኩም።

ታኅሣሥ 20

ጠዋት ትግሉ በሰልፍ ሰዓት ከሥራ አስወጣቸው። ጋቢያቸውን አጣጥፈው በተማሪው መሃል አለፉ። ከኋላ አንዱ "ውሃ ሻጭ" አለ። ሌሎች ሳቁ።

ጥር 5

አዲሱ ጥበቃ ይሁኔ ይባላል። ጎልማሳ፣ ቁጡ ነው። ድመት አያስገባም።

ውሃው ዛሬም በሁለተኛው ቀን አለቀ።

ይሁኔ ይሆን? ፎቶዎቹን አገላበጥኩ። ማንም ወደ ታንከሩ አልቀረበም። ማንም... ወፎች ብቻ።

ጥር 13

አከራዬ እትዬ ሸዋዬ ከሚካኤል ማኅበር ስትመለስ ከፍቷት ነበር። የትናንቱ ጽዋ ተራው የጋሽ አራጌ ነበር። ጠላው ሁሉ ተጠምቆ። ማኅበርተኛው መክሮ ጽዋውን ወደ ሌላ ቤት ወሰደው አለችኝ። በዚህ ዓመት ውሃ በሸጠ እጅ ጽዋ አይያዝም ተባለ።

"እሳቸውስ ምን አሉ?"

"ምን ይላል? ጠላውን ለመንገደኛ አጠጥቶ ጨረሰ። ትናንትናውኑ ዋጃ ልጁ ዘንድ ሄደ አሉ።" ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋች። "ሃያ ዓመት አብሬው ጠጥቻለሁ እኮ። ሰው እንዲህ ነው..."

ያ ፎቶ የማን እንደሆነ ታውቃለች? አልጠየቀችኝም። እራት አልበላልኝ አለ።

ጥር 19

እንዴት ልጻፈው።

በእረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የንብ ድምፅ ሰማሁ። ዘወር አልኩ። መሬቱ ላይ ንብ ፈስሷል፣ ወፎችም አሉ። ደረቁ አፈር መሃል የመሶብ ክዳን የምታህል ቦታ ጠቁራለች። በጫማዬ ጫን ስላት ረጠበች።

ይሁኔ ዶማ አመጣ። ክንድ ያህል ሳይቆፍር ውሃው ፊታችን ላይ ተረጨ። ከታንከሩ ወደ አሮጌው መጸዳጃ ቤት የሚሄደው የብረት ቧንቧ። መጸዳጃው ከተዘጋ ስንት ዓመቱ፤ ቧንቧው ግን ከታንከሩ አልተቆረጠም ነበር። ዝገቱ በልቶት፣ ጣቴ የሚገባበት ቀዳዳ። ውሃው ወደ ታች፣ ወደ አሸዋው እየሰረገ...

ሌባ አልነበረም። በጭራሽ።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። አንድ ቅዳሜ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግቼ፣ የውሃውን ልክ በእንጨት ምልክት አድርጌ፣ እሑድ ጠዋት ተመልሼ ባይ ያልቅ ነበር። አንድ እንጨት! ዘጠነኛ ክፍል እንኳ የሚያውቀው። እኔ ግን ካሜራ መሥራት አማረኝ። ካሜራውም ነግሮኝ ነበር፤ በየቀኑ ሠላሳ አርባ ጊዜ። ወፍ ነው እያልኩ አጠፋሁት።

ጥር 20

የፎቶውን ሴትዮ ፈለግኳት። ከፈለች ትባላለች። ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከወንዙ ዳር። እናቷ ግማሽ አካላቸው ደርቆ አልጋ ላይ ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ማንነቴን ነገርኳት።

"ውሃ ሸጡልሽ?"

"ማን? አራጌ?" ፊቷ ተለወጠ። "ያለፈው ዳሬክተር ለጥበቃ በቀን ሁለት ጀሪካን ፈቅዶለት ነበር። እሱ ብቻውን ሰው ነው፣ ምን ያደርግለታል? ሳምንቱን ሳይወስድ ይቆይና ቅዳሜ ለእኛ ይቀዳልናል። እናቴን ሳላጥባት እንዳልውል ብሎ።"

"እጃቸው ላይ ያስቀመጥሽውስ?"

"መቼ?"

"ታኅሣሥ ላይ፣ ቅዳሜ። በጨርቅ የተጠቀለለ..."

አሰበች። "ቆሎ ነዋ! ጾም አልነበር? ሌላ ምን አለኝ?"

ከዚያ አየችኝ። ግቢ አላለችኝም። አሁን ከወዴት እንደምትቀዳ ጠየቅኳት። በእጇ ወደ ሰሜን አመለከተች፤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።

ጥር 23

ትግሉ ቧንቧውን አየ። የቀድሞውን ርዕሰ መምህር የፈቃድ ደብዳቤም ከፋይል ውስጥ አገኘሁለት። አነበበው።

"እንመልሳቸዋለን" አለ። "በጸጥታ።"

"በሰልፍ ፊት አይደል ያስወጣናቸው? በሰልፍ ፊት እንናገር።"

"ቲቸር ኤልሳቤጥ፣ ነገሩ ተረሳ። ትምህርት ቤቱን አታዋርጂው። ደግሞስ ፎቶውን ያመጣው ማነው?"

ደብዳቤውን ተቀብዬው ወጣሁ።

ካሜራውን አወረድኩት። ሶላሩና ባትሪው ለዘይኑዲን ተመለሰ። ምን ሆነሽ ነው አለኝ። "አልሠራም" አልኩት። ቆየት ብዬ "ሠርቷል፣ እኔ ነኝ..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። ሻይ አዘዘልኝ።

የካቲት 12

ሚካኤል። እትዬ ሸዋዬን ለመንኳት፣ ማኅበሩ ቤት ይዛኝ ገባች። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ካሜራውን፣ ውሸቴን፣ ቧንቧውን፣ ቆሎውን። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ አስፋው፣ ማኅበሩን የሚመሩት ሙሴ ናቸው።

"አንቺ ፎቶ አየሽ። እኛ ሃያ ዓመት እሱን አይተን፣ ያላየነውን ፎቶ አመንን። ከማን ይብሳል?" አሉ። ቀጥለውም "ለእኛ ነገርሽ፣ መልካም። ለእሱስ?"

የካቲት 13

ዋጃ ግማሽ ቀን አይፈጅም። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

የካቲት 21

ዛሬ ሰኞ ነው። በሰልፍ ሰዓት ባንዲራው እንደተሰቀለ ትግሉን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። "ጋሽ አራጌ ውሃ አልሸጡም። ተሳስቼ ያስወነጀልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር። ማይክ አልነበረም፤ ከኋላ ያሉት የሰሙ አይመስለኝም።

ከሰዓት ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ፈረምኩ።

መጋቢት 3

ዋጃ ሄድኩ።

ከልጃቸው ባል የሽንኩርት ማሳ ላይ አገኘኋቸው። ሲያርሙ። ከስተዋል። ሲያዩኝ ቀና አሉ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

"ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ። ከጥላው ይግቡ።"

እርስዎ! እኔን...

"ጋሽ አራጌ፣ እባክዎ አንቺ ይበሉኝ።"

ያልሰሙ መሰሉ። ጆንያ አነጠፉልኝ። ስለ ቧንቧው ጀመርኩ።

"ሰምቻለሁ። ሸዋዬ ልካብኝ ነበር። ሰልፍ ላይ የተናገሩትንም ሰምቻለሁ።"

"ያን ዕለት ለምን በደንብ አልነገሩንም?"

"ጀምሬ ነበር። የሚሰማ ሰው ሲጠፋ ተውኩት።"

አለቀስኩ። እሳቸው የሽንኩርት ቅጠል በጣታቸው ይሰነጥቃሉ። ሳበቃ "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔ ይቅር ብያለሁ። ሁዳዴ ነው፣ ቂም ይዤ አልጾምም።"

"ማኅበሩም እኮ..."

"ልከውብኛል። የሐምሌውን ጽዋ ሰጥተውኛል። እሄዳለሁ፣ እጠጣለሁ።"

"ትምህርት ቤትስ? ትግሉ ይመለሱ ብሏል።"

አሁን ቀጥ ብለው አዩኝ። "ቲቸር፣ እዚያ በር ላይ አሥራ አራት ዓመት ስቆም ልጆቹ ሲገቡ በስማቸው ነበር የምጠራቸው። ያን ቀን በመሃላቸው አለፍኩ። እነሱም አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። እርስዎ ነገሯቸው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከእንግዲህ ስማቸውን ስጠራ አፌ ላይ ይከብደኛል። እዚህ ሽንኩርቱ አያውቀኝም። ይሻለኛል።"

ስለ ከፈለች ነገርኳቸው። ደብዳቤው በአዲሱ ጥበቃም ስም እንዲጸድቅ አድርጌ፣ ይሁኔን ለምኜ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኔው ራሴ አህያውን ይዤ ገብቼ እንደቀዳሁላት። "ጎሽ" አሉ። ያቺን ቃል ብቻ።

መንገድ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱን ራሳቸው አስቆሙ፤ ለረዳቱ "እኒህን መምህርት ቆቦ አድርስልኝ፣ ወንበር ስጣቸው" አሉት። በሩ ሲዘጋ እጃቸውን አነሡ። ወዲያው ዞረው ወደ ማሳው ገቡ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በመስኮቱ አየቻቸው።

"አባትሽ ናቸው?"

"አይደሉም" አልኳት። "አብረን እንሠራ ነበር።"