በስምህ የተጠየቅሁት እሺታ

ግርማዬ፣ ከቤታችን ያስወጣኝ ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ተካ ነው። ከሰላምታዬ በፊት ይህን የምነግርህ ልቤ ላይ የተቀመጠው እሱ ስለሆነ ነው። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ወጥቷል፤ ሐዘኔ ቀለል ሲል ቂሜ ግን አልለቀቀኝም።

አርባህን ባወጣን ማግስት ሽማግሌ ይዞ መጣ። የቦሌ ሚካኤሉ ቤት ይሸጥና አያት ኮንዶሚኒየም ይገዛልሽ፣ ግርማም ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚለው አሉኝ። ጥቁር ለብሶ ሽማግሌ ፊት እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ አልኩ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ከሾላ ገበያ ሽንኩርት ተሸክሜ ስመለስ ደረጃው ላይ አረፍ እያልኩ የወንድምህን ስም እጠራለሁ፤ ለምርቃት አይደለም።

ልጃችን ሄለን ቦሌ አንድ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ትዘፍናለች። የራሷን ዘፈን ሠርታለች፤ አንዲት ልጅ ለወደደችው እሺ የምትልበት ነው። በአራዳ ቋንቋ “ያ”፣ “የፕ”፣ “ይመቻል” እያለች ሞልታዋለች። ስፓኒሽ የሚናገሩ እንግዶች ስለሚመጡ ግማሹን ወደ እነሱ ቋንቋ መልሳዋለች። አዎ “ሲ” ነው፣ እንዴታ “ክላሮ” ነው፣ ይመቻል ደግሞ “ባሌ” ሆነ። ወጥ እያማሰልኩ “ባሌ፣ ባሌ” ስትል ሰምቼ፣ ከሄድክ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። “እማዬ፣ አባዬን እየጠራሁልሽ እኮ ነው” አለችኝ፣ ባለጌ።

አንዷን ግን መመለስ አቃታት። ትንፋሽህን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገህ አዎ የምትልባትን። በስተርጅና ፊደል ልቁጠር ብዬ ሳማክርህ ቃል አላወጣህም፤ እሷኑ ሳብ አድርገህ በማግስቱ እርሳስ ገዝተህ መጣህ። ሄለን በስፓኒሽ አቻ ብታጣላት እንዳለች ዘፈኑ ውስጥ ተወቻት። ማይክ ላይ ስትስባት የአገሩ ሰው ገብቶት ይስቃል፣ ፈረንጁ ግን የደነገጠች መስሎት ያያታል ብላኛለች።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ተካ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዞ ደረጃውን ወጣ። “የግርማ ልጅ ምግብ ቤት አትዘፍንም። አንቺ ብቻ እሺ በይን፣ እሷን እኛ እናስቆማታለን። ግርማም ቢኖር...” ሳይጨርስ፣ “አልልም ጋሼ” አልኩት። “አያችሁ፣ ፊደል ቆጠረችና ሽማግሌ ናቀች!” አለ ወደ እነሱ ዞሮ። አንደኛው ሽማግሌ የገዛ ጫማውን ያይ ነበር። ያቀረብኩትን ሻይ ሳይነኩ ወረዱ። ሄለንም ቅዳሜ ሄዳ ዘፈነች።

አልረሳህም። መቃብርህ ላይ የተጻፈውን ስምህን አሁን ራሴ አነበዋለሁ፤ ሙት ዓመትህንም በእጄ ሠርቼ እዘክራለሁ። በስምህ ለሚጠይቀኝ ሰው እሺ ማለቱን ግን ከእንግዲህ ትቻለሁ።