የኬንኬው ሳጥን

ቴሺ፣ ጋና
እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2019

ለምወድሽ የበኩር ልጄ ለዴዴይ፣

ሰላምሽ ይብዛ። የካናዳው ብርድ እንዳይጎዳሽ እየተመኘሁ ነው የምጽፍልሽ፤ የምጽፈው ግን ተጸይፌ ነው። አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አለዚያ መሃል ላይ ስትደርሺ «አባቴ አርጅቶ ነጭናጫ ሆነ» ትያለሽ። አርጅቻለሁ። ነጭናጫም ነኝ። የተጸየፍኩት ግን ከእርጅና አይደለም።

የላክሻቸው ተማሪዎች ሐሙስ ከሰዓት መጡ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። የአክስትሽ ልጅ ኦክፖቲ መኪናውን ደጃፌ ላይ ገትሮ፣ የጉብኝቱን ፕሮግራም ወረቀት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ እንደ ሚኒስትር ከፊት ከፊት ይሄዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአገራችንን ታሪክና ባህል እንዲያጠኑ ተማሪዎችሽን በየዓመቱ ስትልኪ ኖረሻል። እኔ ለሟቹ እንደ ሥራው በዓሣ፣ በአውሮፕላን፣ በመጽሐፍ ቅርጽ የምሠራውን የሬሳ ሳጥን አሳያቸዋለሁ፤ እናትሽ ከበቆሎ ሊጥ የቀቀለችውን ኬንኬ ታበላቸውና በርበሬው ሲያስለቅሳቸው ትስቅባቸዋለች። ዘንድሮ የሚያበላቸው የለም። እናትሽ አዮርኮር ሳጥኗ እስኪሠራ ሬሳ ቤት ቆይታ ቅዳሜ ልንቀብራት ነበር።

ሳጥኗን ሰባት ሳምንት ሠራሁት። አርባ ዓመት የሸጠችውን ኬንኬ ነው የቀረጽኩላት፤ ትልቅ፣ በበቆሎ ሽፋኑ የተጠቀለለ። የሽፋኑን ጅማት አንድ በአንድ በመሮ ነው ያወጣሁት። ውስጡን አክስትሽ በእናትሽ የሰርግ ጨርቅ ለበደችው። የግቢያችንን ሕግ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ሳጥን ውስጥ ሌላ ሰው አይተኛም፣ ለልኬት እንኳ ቢሆን። ልጅ ሳለሽ ድብብቆሽ ስትጫወቺ አንዱ ውስጥ ገብተሽ እናትሽ የገረፈችሽን መቼም አትረሺውም። ያ ሳጥን በማግስቱ ተፈልጦ ማገዶ ሆነ።

ውሃ ላመጣላቸው ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሳቅ ሰማሁ። ኬልሲ የምትባል ፀጉረ ቀይ ልጅ የእናትሽ ሳጥን ውስጥ ተጋድማለች። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ምላሷን አውጥታ። ጓደኞቿ ስልካቸውን ደግነው ያነሷታል። ኦክፖቲ ክዳኑን ይዞላቸው ቆሟል፤ እሱም ይስቃል።

«ውጪ ከዚያ!» ብዬ ጮህኩ። የውሃው ማሰሮ ከእጄ ወደቀ።

«አጎቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ልጆች እኮ ናቸው» አለኝ ኦክፖቲ።

«ይሄ የማን ሳጥን ነው?»

«አውቃለሁ፣ አጎቴ። እሷ ናት እኮ ዘላ የገባችው፤ እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተ ክዳን ያዥ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በኬንኬዋ ያሳደገችህ ሴት ሳትቀበር ሳጥኗን መጫወቻ ታደርገዋለህ?»

«እኔን ምን ይሉኛል? ዴዴይ ናት የላከቻቸው! ይኸው፣ ያንብቡት!» ብሎ ወረቀቱን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ።

አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። «ሐሙስ፦ የሬሳ ሳጥን አሠራር። ቅዳሜ፦ የአንዲት የአካባቢው ሴት ቀብር፤ ጥቁርና ቀይ ልበሱ፣ በአገሩ ቀብር ላይ ይጨፈራልና ለጭፈራ የሚመች ጫማ አድርጉ።» ከግርጌው ስምሽ አለ፦ ዶክተር ዴዴይ ላርዬ።

የአንዲት የአካባቢው ሴት! ዴዴይ፣ የገዛ እናትሽን! ከሄዱ በኋላ ሳጥኑን ሳይ የሰርጓ ጨርቅ ላይ የታኘከ ማስቲካ ተለጥፎ አገኘሁ። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። የማስቲካው እድፍ በሳሙና ለቀቀኝ። የወረቀትሽ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለጎብኚ ማሳያ የተሠራ መስሎኝ ነው።»

«የማን እንደሆነ አልነገሯችሁም?»

«የአንዲት የአካባቢው ሴት ነው አሉን። የሚያውቋት ሰው ናት?»

«ሚስቴ ናት። የአስተማሪሽ እናት።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ዶክተር ዴዴይ ትናንት እኮ ደውላልን ነበር» አለች። «‹ቀብሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅረጹልኝ፤ ሲያወርዷት እንዳያመልጣችሁ› አለችን። ድምጿ ልክ አልነበረም። ጉንፋን ይዟት መሰለን።»

ልጅቷን አልሰደብኳትም። አላወቀችም። እኔን ያስጸየፍሽኝ ያወቅሽው አንቺ ነሽ። ለእኔ በስልክ «ሥራ በዛብኝ፣ ለቀብሩ አልደርስም» አልሽ፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ጥንድ ዓይን ላክሽ። ለምን ራስሽ መምጣት እንደፈራሽ አልጠይቅሽም፤ ዘጠኝ ዓመት የቀረ ሰው እናቱ ስትሞት በየትኛው ፊቱ እንደሚመጣ ይቸግረዋል። ግን ሰው እናቱን በተውሶ ዓይን አይቀብርም፣ ልጄ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ጎረቤቱ ሁሉ «ሽማግሌው አበደ» አለ። የቀብሩን ቀን አራዘምኩ። ኦክፖቲ መቼ ያፍራል፤ ተማሪዎችሽን ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደማያውቁት ሰው ቀብር ወስዶ ሲያስጨፍራቸው ዋለ። ወረቀቱ ላይ ያለው መፈጸም አለበት አለ አሉ! ኬልሲ ብቻ ቀረች። ግቢዬ ውስጥ ፍላጩን ስትለቅም ዋለች፤ የለቀመችውን ምን እንደምታደርገው እኔም አልነገርኳት፣ እሷም አልጠየቀችኝ።

ዛሬ ሁለተኛውን ጀምሬያለሁ። ጅማቱ እንደ መጀመሪያው የሚያምርልኝ አይመስለኝም። አክስትሽ ጨርቁን አጥባ አስጥታዋለች፤ ትወድሻለች፣ ተቆጥታሻለችም።

የድካምሽን ዋጋ አምላክ አያሳጣሽ። በሰው አገር የሚከፈትልሽን በር ያብዛልሽ፣ የአባትሽንም በር አያስረሳሽ። ያን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። «የአንዲት የአካባቢው ሴት» የሚለውን ሰርዘሽ ስሟን በገዛ እጅሽ ጻፊበትና ይዘሽው ነይ።

ሳጥኑ እንደ መጀመሪያው በሰባት ሳምንት ያልቃል። ክዳኑን ግን አልሠራም። የመጀመሪያውን ክዳን ኦክፖቲ ያዘው፤ የዚህኛውን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ እስክትመጪ ጣውላውን አልቆርጥም። ሬሳ ቤቱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። እናትሽ ብርድ አትወድም።

አባትሽ
ሶዋ ላርዬ