ዳኛው «ገበያ እንዴት ነው?» ሲሉኝ

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሃያ ኪሎ የጃስሚን አበባ ገባ። እስከ ምሳ ስድስት ኪሎ ሄደ። የሠርግ ትእዛዝ... አንድም።

የሠርጉ ወር ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሙሽራ እናቶች ሱቄን አልፈው ጎረቤቴ አበባ ሻጩ ማሪያፓን ጋ ይሰለፋሉ። ባሏ የሞተባት ሴት የጎነጎነችው አበባ ለሙሽራ ፀጉር አይሆንማ! ባሌን ሴልቫንን የጭነት መኪና ገጭቶ ከገደለው ወዲህ እንዲህ ነው። እጄ ያው እጄ ነው፤ ምን ተለወጠ?

የሴልቫን ካሳ ስድስት መቶ ሺህ ሩፒ ባንክ ተቀምጧል። ዘመድ እንዳይበላባት ተብሎ ፍርድ ቤቱ ለአምስት ዓመት ቆልፎታል። እስከ መስከረም 5 የሱቁን የሦስት ዓመት ኪራይ ስልሳ ሺህ ለገበያው ጽሕፈት ቤት ካልከፈልኩ ሱቁ ለጨረታ ይወጣል። ከካሳው ስልሳ ሺህ እንዲለቀቅልኝ ልጠይቅ ሐሙስ ዳኛው ፊት እቀርባለሁ።

ነሐሴ 14፣ ሐሙስ

አበላሸሁት።

ዳኛው ደግ ሰው ናቸው። ገና ከመቆሜ፣ «እናት፣ ገበያ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ አምላክ ይመስገን።»

ሃያ ሁለት ዓመት ለጠየቀኝ ሁሉ ያልኩት ነው። የትኛው ነጋዴ ነው በጠዋት ገበያው ሞቷል የሚል? ሟርት ነው። ዳኛው ግን ጻፉት። ጥሩ ከሆነ ችግር የለም... ማመልከቻው ውድቅ። ጠበቃዬ ወለል ወለሉን ያያል።

ነሐሴ 15፣ ዓርብ

ሁለት ኪሎ ተሸጠ። ሌላው ጠወለገ።

ነሐሴ 25፣ ሰኞ

ጠበቃው ደወለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የተቸገረ ቤተሰብ የተቆለፈ ካሳውን ሲጠይቅ አታጉላሉት ብሎ ወስኗል። የራስ ቃለ መሐላና አንድ ምስክር ይበቃል። እንደገና ማመልከት ይቻላል።

ምስክር ማን ይሁን? ወንድሜ ቢምል ማን ያምነዋል? ማሪያፓን ጋ ሄድኩ።

«እትዬ ፖንማላር፣ ገበያዋ ሞቷል ብዬ ልማልልሽ? ሱቅሽን ልወስድ ጨረታውን የምጠብቀው እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚሁ ነው የፈለግሁህ። አንተ ካልክ ያምናሉ።»

ሳቀ። «እኔስ ምን አገኛለሁ?»

«ስንት ሠርግ ይዘሃል?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንት ጎንጓኝ አለህ?»

ባዶውን የጎንጓኝ ቦታ አየ።

«የሙሽሮቹን እኔ ልጎንጉን። በአንተ ስም ይሂድ።»

«እናቶቹ ቢሰሙ?»

«አንተ ካልነገርካቸው ከማን ይሰማሉ?»

ተስማማ። ዋጋ ሊቀንስብኝ ሞከረ፤ አልቀነስኩም።

ጳጉሜ 2፣ ሰኞ

ያው ዳኛ። ያው ጥያቄ። ከኋላዬ ግማሹ የአበባ ተራ ለራሱ ጉዳይ መጥቶ ተቀምጧል። «ሞቷል፣ ጌታዬ።»

«ጮክ በይ፣ እናት።»

«ገበያዬ ሞቷል!»

ማሪያፓን ማለ። «ከጎኗ ነው የምሸጠው። ጠዋት የገዛችውን ማታ ለላም ታበላለች።» እውነት ነው። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ፊቴ ጋለ።

ስልሳ ሺው ተፈቀደ። የቀረው እስከ ቀኑ ተቆልፎ ይቆያል። ሱቁ ለሦስት ዓመት የእኔ ነው፤ የሙሽሮቹ አበባ ግን በጓሮ በር ይወጣል። ስንት ዓመት በጓሮ? እንጃ።

ነገ አራት ሰዓት ባንክ፦ የዳኛው ትእዛዝ፣ መታወቂያ፣ ሁለት ፎቶ። ከዚያ ገበያው ጽሕፈት ቤት፤ ደረሰኙን በእጅ መቀበል።