በቀኝ ጆሮ የተሰካ ፕሉሜሪያ

እሑድ ጠዋት፣ ሚያዝያ 12

ድንቡሼ፣ የኔ እናት፣

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ትበላለች፣ ትስቃለች። መርሳቷ ግን በስልክ ከነገርኩሽ በላይ ብሷል። ስንደዋወል አጠገቤ ስለምትሆን እውነቱን ማውራት እየከበደኝ ነው እስካሁን የቆየሁት።

በግቢያችን ያለው ነጩ የፕሉሜሪያ ዛፍ እንዳማረበት አለ። ጉድ የሆነው ቀዩ ነው። ነጩ ቅጠል አያጣም፤ ቀዩ ግን በደረቅ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ያኔ ውኃ አይወድም። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ስታስተምር የኖረችው አበባ ሻጯ እናትሽ፣ ዘንድሮ «ጠማው እኮ!» እያለች ስታጠጣው ከረመች። አጠጥታ ትገባለች፣ ትረሳለች፣ ደግሞ ባልዲዋን ታነሳለች። ባልዲውን ብደብቅባት በድስት! ሥሩ በሰበሰ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ተወው፣ ድሮም የመቃብር ዛፍ ነው» አለኝ። እናትሽ እንደ ድሮዋ ብትሆን አፉን ታስይዘው ነበር። አሁን ግን የእሷን መልስ እኔ ሰጠሁላት፦ «በየአገሩ መቃብር ላይ የሚተክሉት ተነቅሎም ስለሚያብብ ነው!»

ጫፉ ላይ እንቡጥ የያዘ ጤነኛ ቅርንጫፍ ተርፎ ነበር። ቆርጬ፣ ወተቱ እስኪደርቅ መስኮት ላይ አጋደምኩት። እሷ ሆዬ ወስዳ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች! አወጣሁት፣ ነከረችው። በመጨረሻ ቁም ሣጥን አናት ላይ ደበቅኩትና ወተቱ ሲደርቅ ተከልኩት። ትናንት አንዱ እንቡጥ ፈካ።

ሱቋ ውስጥ እየሰማሽ ያደግሽው ነው፤ ባሕር ማዶ ባሉ ደሴቶች ሴት ይህን አበባ በቀኝ ጆሮዋ ከሰካች «ፈላጊ ነኝ»፣ በግራ ከሰካች «ልቤ ተይዟል» ማለቷ ነው ትል ነበር። ከተጋባን ወዲህ በግራ እንጂ በቀኝ ሰክታ አታውቅም። ትናንት አበባውን ሰጠኋት። አሸተተችው፣ ፈገግ አለች፣ በቀኝ ጆሮዋ ሰካችው።

ልጄ፣ እንደምንም ብዬ «ወደ ግራ ላዙርልሽ?» አልኳት።

«ኧረ ቀስ! ገና ዛሬ ተዋውቀን?» አለችኝና አፈረች።

እንግዲህ በስተርጅና ደጅ መጥናት ጀምሬልሻለሁ፤ ዛሬ ጢሜንም ተላጭቻለሁ። ሳቂብኝ፣ ግድ የለም። የአንቺን ስም ግን እስካሁን አልሳተችም። ስለዚህ የዓመት ዕረፍትሽን ለዓመት መጨረሻ አታቆዪው፣ አሁን ነይ። ፈርቻለሁ።

መንገድሽ የቀና፣ የምታገኚው ሰው ሁሉ የሚራራልሽ ይሁን። ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

አባትሽ

ይህን ስጽፍ አበባው አሁንም በቀኝ ጆሮዋ ነው። ግን ሻይ አመጣችልኝ፤ ሳልነግራት፣ እኔ እንደምወደው፣ ያለ ስኳር።