ከቆሰበር የለቀምኩት የስም ዝርዝር

መስከረም 19 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ዛሬም መዝገብ ሳሰምር ዋልኩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ትእዛዝ ደስ ይላል። ሥራ ያጣ ሁሉ ይመዝገብ፤ ሙያው ይጠየቅ፤ ሌላ አገር ሄዶ ለመሥራት ይፈቅድ እንደሆነ ይጣራ፤ ሥራው በማስረጃው መሠረት ይደለደላል። አለቃዬ ግራዝማች አንብበው ወደኔ ገፋ አደረጉት። ከአውራጃው ጽ/ቤት አገውኛ የምችል እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ጉዞ።

መስከረም 21፣ ቆሰበር

ዝናቡ አላባራም። ፈረሱ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንበረከከ። እዚህ የነበረው የመንገድ ሥራ ሰፈር ተዘግቶ ሠራተኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ቀርቷል። በአማርኛ ስጠይቃቸው ሸሽ አሉ። ግብር መስሏቸዋል። በእናቴ ቋንቋ ስጀምር ግን እየተጋፉ ቀረቡ። ማስታወሻዬ፣ ስንት ባለሙያ አለ መሰለህ!

መስከረም 22፣ እዚያው

አቶ ገላዬ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ድንጋይ ጠራቢ አሉ። መሬት የላቸውም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ሰው የሚጭን መኪና ከአዲስ ቅዳም ሊነሳ ነው፤ ስንቅ ቋጥረዋል። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ አሉኝ። በሙያዎ ሥራ ይመጣልዎታል፣ ወባ አገር ምን ያደርጋሉ አልኳቸው። ስንቃቸውን ፈቱ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 8፣ ዳንግላ

መዝገቡን በጽሕፈት መኪና ገልብጬ ለግራዝማች ካቀረብኩ ሰነበትኩ። ከአዲስ አበባ መልስ የለም። አቶ ገላዬ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ፣ በእግራቸው። ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ዋሉ። ገና ነው አልኳቸው።

ጥቅምት 15

ግራዝማች ጠሩኝ። መዝገቡ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። አልተላከም! ይህን ያህል ሥራ ፈት አለ ብንል አውራጃው ምን ይባላል አሉ። ሥራ ፈላጊ የለም ብለህ ጻፍ አሉ። ለሰዎቹ ቃል ገብቼላቸዋለሁ ብል፣

“ቃል ግባ ያለህ ማነው?”

አሉኝ። የዝውውር ማመልከቻዬም እሳቸው እጅ ነው። ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ጥቅምት 16

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 20

አቶ ገላዬ መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ በአገውኛ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መኪናው ከሄደ ቆይቷል፣ አጨዳውም እየተገባደደ ነው።

“የኛው ልጅ ነው ብዬ እኮ ነው” አሉ።

ባሕር ዳር ግንብ ይሠራል፣ ግን የሥራ ምስክር ወረቀት የሌለውን አያስገቡም አሉ። ደብዳቤ ይጻፍላቸው ብዬ ወደ ግራዝማች ገባሁ። የለም ብለን ለጻፍነው ሥራ ፈላጊ እንዴት ደብዳቤ ይጻፋል ብለው መለሱኝ። የጻፍኩትን መልሰው አጎረሱኝ።

ጥቅምት 21፣ ጧት

አቶ ገላዬ ቤ/ክርስቲያን ደጅ አድረዋል። ደብዳቤውን ጽፌያለሁ፤ ጥሩ ጠራቢ ናቸው፣ በመንገዱ ሥራ ላይ እስከ መጨረሻው ሠርተዋል የሚል። አንዲትም ውሸት የለባትም። ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ። ከታወቀ ዝውውሬ ቀረ፤ ከሥራም እባረር ይሆናል። ደግሞስ አንድ ሰው ቢሄድ ምን ይፈይዳል? በዚያ ዝናብ ተጋፍተው ስማቸውን የሰጡኝ ሁሉ እስካሁን ይጠብቃሉ። ለነሱ ምን እንደምል አላውቅም።

ግራዝማች በሦስት ሰዓት ለችሎት ይወጣሉ። ያን ጊዜ ማኅተሙን እመታለሁ።