ከመጨረሻው ፎቶሽ በኋላ የመጡት

አስኩዬ፣

እግዚአብሔር በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍሽና፣ ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንጦጦ ከጠዋት እስከ ማታ ጉም ለብሶ ይውላል። ወደ ቀጨኔ የሚያወርደው ቁልቁለትም ያው ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰዉ ግድግዳ ይዞ በዳር በዳር ይሄዳል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ኪዳን አላስታጎልኩም። የአዲሱ ገበያውን ጎሚስታ ቤት ለወንድሜ ልጅ ለቅቄለታለሁ። ልጃችን ምሕረት እሁድ እሁድ ወጥ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እንዳንቺው ትቆጣኛለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ኮምፒውተሩ ነው። ከማን ጋር እንደማወራው ጨንቆኝ ነው የቆየሁት። እንግዲህ ነገሩም ያንቺው ስለሆነ ላንቺው ልንገርሽ።

ያ ምሕረት ኮሌጅ ስትማር የገዛንላት፣ አንቺ እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል አልብሰሽ ሳሎን ጥግ ያስቀመጥሽው ኮምፒውተር አሁንም እዚያው ነው። ሰኔ ላይ አንድ እሁድ ምሕረት ዳንቴሉን ገፈፈችና፣ "አባዬ፣ የእማዬ ፎቶዎች እኮ ሁሉም አሉ፤ ለምን እዚህ ላይ አናወርዳቸውም?" አለችኝ። ስልክ የገዛችልሽ ጊዜ፣ ያነሳሽው ሁሉ በራሱ እየተላከ የሚቀመጥበት ቦታ ከፍታልሽ ኖሯል። ክላውድ ይሉታል። ሩቅ ያለ መጋዘን ነው፣ በሩ ግን በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ላይ ነው ብላ አስረዳችኝ።

ፕሮግራሙን አውርዳ ጫነችው። ያንቺን ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገባች። ፎቶዎቹን የት ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቃት በስምሽ ፎልደር ከፍታ እሱን አሳየችው። "ይኸው፣ ይቺ ሰማያዊ ክብ ስትዞር ፎቶ እየመጣ ነው። አረንጓዴ ምልክት ስትሆን ደርሷል። አንተ ብቻ ምንም አትንካ። እዚህና እዚያ አንድ ነው፤ እዚያ የጠፋ እዚህም ይጠፋል፣ እዚህ ያጠፋኸውም እዚያ ይጠፋል፣ ሰማኸኝ?" ሰምቻለሁ አልኳት። ጆሮዬ እንጂ ልቤ አልሰማም ነበር። ዓይኔ የመጀመሪያው ፎቶሽ ላይ ነበር።

ኢንተርኔታችን ስለሚንቀራፈፍ ፎቶዎቹ ከድሮው ጀምረው በተራ በተራ ነው የመጡት። ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ እከፍተዋለሁ። በረዶ የበሳው ጣሪያችን መጣ። ጎሚስታ ቤት ምሳ ስታመጪልኝ ያነሳሽው ጥቁር እጄ መጣ። "ልታጠብና አንሺኝ" ስልሽ "ከታጠበማ የማን እጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል?" ያልሽኝ ትዝ አለኝ። አንቺ ግቢያችን ኮክ ሥር ቆመሽ፣ ፀሐይ ዓይንሽን ወግቶሽ ስትስቂ መጣሽ። እኔ ሶፋ ላይ አፌን ከፍቼ የተኛሁበት ደግሞ ስንት ነው! ለካ ዝም ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

ጎረቤታችን ባለሱቁ ሰይድ የኢንተርኔት ካርድ ልገዛ ስመላለስበት፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ቤትዎ ጎረምሳ ገባ እንዴ? ይሄን ሁሉ ፓኬጅ ማን ነው የሚበላው?" ይለኛል። አንድ ቀን "አስካለ ናት" አልኩት። ካርዱን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

እንደዚህ እያልን ወደ መጨረሻው ደረስን። የሆስፒታሉ ኮሪደር መጣ። የምሕረት እጅ በእጅሽ ላይ ሆኖ መጣ። ከዚያ በመስኮት ያነሳሽው ባዶ ሰማይ። ከዚያ ወዲያ ስልክ እንዳልያዝሽ አውቃለሁ። አማተብኩና "በቃ፣ አለቀ" ብዬ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ እንደገና ላይሽ ብዬ ስከፍተው ሰማያዊዋ ክብ ትዞራለች።

እርጥብ የድንጋይ ደረጃ መጣ። የማላውቀው ደረጃ ነው። ቀጥሎ በሰሃን ላይ ግማሹ የተበላ ሽሮ። ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን፣ የሚታየው ተረከዙ ብቻ። ቀጥሎ ገርበብ ያለ በር፣ ከውስጥ ጨለማ። ቀኑ ከሥራቸው ተጽፏል፤ አርባሽን ካወጣን በኋላ ነው። ደግሞ በቀኝ ጥግ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት አለች። ስልክሽ ወድቆ ካሜራው ከተጫረ ወዲህ ባነሳሻቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ያለችው ጭረት ናት። ዓይኑ ያው ዓይን ነው፣ አስኩ። የሚያየው ቦታ ነው የተለወጠው።

ምን ልበልሽ፣ አልጮኽኩም። ለምሕረትም አልነገርኳትም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው እንደሚያደርገው ዝም ብዬ ማየቴን ቀጠልኩ። ጉም ውስጥ የቆመ ባሕር ዛፍ ሲመጣ "እዚያ ነሽ?" እል ነበር። ድምፄን አውጥቼ ያልኩበት ቀን አለ።

ከዚያ አንቺ መጥፋት ጀመርሽ።

ትናንት ያየሁሽ ቦታ ላይ ዛሬ የለሽም። መጀመሪያ የእጄ ጥፋት ነው ብዬ ማውሱን መንካት ተውኩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስመለከት፣ ኮኩ ሥር የምትስቂበት ፎቶ ዓይኔ እያየ ጠፋ። ለቅሶ ቤት አንዱ ሲነሳ ሌላው ጠጋ እንደሚል፣ የቀሩት ፎቶዎች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታሽን ሞሉት። ክፍተት እንኳ አልቀረም። ቀጥሎ ሌላው ጠፋ። ቀጥሎ ሌላው። "በስመ አብ" ብዬ ተነሳሁና ጸበል አምጥቼ ረጨሁበት።

እሁድ ምሕረት መጥታ ፊደሎቹን ብትጫን ብትጫን እምቢ አሏት። "አባዬ! ኪቦርዱን ጸበል አጠመቅከው?" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ እኔ አለመሳቄን አየች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የፎቶዎቹን ቀን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

"የእማዬ ስልክ የት ነው?" አለችኝ።

አርባሽ ሲወጣ ልብስሽን ለንስሐ አባታችን ሰጥቼ የለ፣ ለተቸገረ እንዲሰጡልኝ። ስልክሽንም አብሬ ነው የሰጠሁት፤ ያንቺ የነበረ ሁሉ ለነፍስሽ ይሁን ብዬ። ለማን እንደሰጡት አልጠየቅኩም፤ አይጠየቅማ።

"ሳትደመስሰው?" አለች።

"ሲሙን አውጥቼዋለሁ እኮ!"

"ሲሙማ ቁጥሯ ነው፣ አባዬ። እሷ ስልኩ ውስጥ ናት።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ስልክሽ የደረሰው ሰው ፎቶ ሲያነሳ ወደ አንቺ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። ስልኩ ሲሞላበት ደግሞ የማያውቃቸውን ሰዎች ያጠፋል። እኛን። ምክንያቱን ካወቅኩ ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም።

ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ለማን እንደሰጡት ጠየቅኳቸው። "ታደሰ፣ እንድረሳው አይደል የሰጠኸኝ? ረሳሁት" አሉኝ። ምክንያቱን እያወቅኩ ደግሞ፣ የሞተ ሰው ፎቶ ይልካል ወይ ብዬ እንደ ሞኝ ጠየቅኳቸው። "አስካለ ምስጋና ላይ ናት፤ ፎቶ የምታነሳበት ጊዜ የላትም" ብለው ግንባሬን በመስቀላቸው መታ መታ አደረጉኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

በዚያው ሳምንት አንድ ፎቶ መጣ። መስታወት ፊት የቆመች ሴት ናት፤ አረንጓዴ ሹራብሽን ለብሳለች። ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የጠቀምሽው ሁሉ ይታያል። ስልኩን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው ፊቷን ሸፍኖታል። ትከሻዋ፣ አንገቷ፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም ማለቷ... እዚያ ፎቶ ፊት ብዙ ተቀመጥኩ። በሌላም ቀን ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስፈራኝ ፎቶው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ፊቷ ስላልታየ ያንቺን ፊት አደርግባት ነበር። እጇን ዝቅ አድርጋ እንድታሳየኝም አልፈልግም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ምሕረት ቆርጣ መጣች። "ከዚህ ሆነን ስልኩን እናስወጣዋለን፤ አንድ ጊዜ መጫን ነው። የይለፍ ቃሉን እንቀይራለን፣ በቃ።"

"የልጇስ ፎቶ?" አልኳት።

"እኛ ጋ ይቀራል። እሷ አታገኘውም።"

"ሰጥተን መልሰን እንውሰድባት?"

"አባዬ፣ የእማዬ ፊት በየቀኑ እየጠፋ ነው እኮ! ለማን ነው የምታዝነው?"

ልጅቷ እውነቷን ነው። እስከ ማክሰኞ ታገሺኝ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ክቧ ዞረች። የመጣው የኛው መንገድ ነው፣ ከላይ ከዳገቱ ጫፍ የተነሳ። ጉሙ ወርዶ ጣሪያዎቹን ሊውጣቸው ሲል ነው፤ አምሯት ይሆናል ያነሳችው። ታች ሰማያዊው በራችን ይታያል። በሩ ፊት ነጠላ ያጣፋ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶ ኪሱን ይዳብሳል፣ ቁልፍ ሊያወጣ። እስኪገባኝ ቆየሁ። እኔ ነኝ፣ አስኩ። በቀኝ ጥግ ጭረቷ አለች። ባንቺ ዓይን፣ ከኋላዬ፣ ሳላውቅ ታየሁ። ጀርባዬ ያን ያህል የጎበጠ አይመስለኝም ነበር።

ከወንበሬ ዞሬ በሩን አየሁት። ተዘግቷል። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር መጣልኝ። ይቺ ሴት ይሄን ሁሉ ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የኖረችው። ሽሮዋን አይቻለሁ። የልጇን ተረከዝ አይቻለሁ። ሳላንኳኳ ቤቷ ገብቼ ተቀምጫለሁ። እሷስ ያየችኝ መንገድ ላይ ነው፣ ያውም በአጋጣሚ። በየቀኑ ኪዳን እያደረስኩ ተመልሼ የማደርገው ይሄ ነበር እንዴ? አንቺን እየፈለግኩ ነው ብዬ የሰው ጓዳ ነበር የማየው።

ማክሰኞ ምሕረት ከሥራ ስትመጣ፣ "የምንወጣው እኛ ነን" አልኳት። ተከራከረችኝ። ከዚያ አየችኝና ወንበር ሳበች። መጀመሪያ ያንቺን ፎቶዎች ሁሉ ከዚያ ፎልደር ውጭ ወዳለ ሌላ ፎልደር ኮፒ አደረገች። የጠፉት ለጥቂት ጊዜ የሚቆዩበት ቅርጫት አለ፤ ከዚያም ያገኘችውን አወጣች። ቀድመው የጠፉት ግን ጊዜያቸው አልፎ ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ እንኳ አናውቅም።

"አሁን ቅደም ተከተሉን ልብ በል" አለችኝ። "መጀመሪያ ሎግ አውት ብሎ መውጣት፣ ከዚያ የሴትየዋን ከዚህ ላይ መደምሰስ። ከገለበጥከው የልጇን ፎቶ ከስልኳም ታጠፋባታለህ።" ይሄኛውን በልቤም ሰማሁት። ማውሱን ራሴ ያዝኩ። ወጣሁ። ክቧ መዞር አቆመች። ከዚያ ደረጃውን ደመሰስኩ፣ ሽሮውን፣ ተረከዙን፣ ሽማግሌውንም። ባለ ሹራቧ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ፊትሽን ከዚያች ሴት ላይ አነሳሁና ተጫንኩት።

አሁን ፎልደሩ ጸጥ ብሏል። የሚመጣም የሚሄድም የለም። አዲስ ነገር እንደማይመጣ አውቃለሁ፣ ግን ስከፍተው አሁንም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከጠፉት ውስጥ የትኛውን እንዳጣሁ ስለማላውቅ፣ አንዱንም መርሳት አልችልም። ሁሉንም መያዝ አለብኝ፤ የሳቅሽበትንም የተኮሳተርሽበትንም፣ ፎቶ ያልተነሳሽበትንም። እስከምከተልሽ ድረስ እይዛቸዋለሁ። ቅዳሴ ላይ የሙታን ስም ሲነሳ በክርስትና ስምሽ፣ ወለተ ማርያም ብዬ አነሳሻለሁ። ለሕያዋን ሲጸለይ ደግሞ ምሕረትን እጠራለሁ፣ ከዚያ ያቺን ሴትና ልጇን። ስማቸውን ስለማላውቅ፣ ስማቸው የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ ትንሽ ዝም እላለሁ። ስማቸውን የሚያውቀው እሱ ይሞላዋል።

ባልሽ ታደሰ